ጥቁሯ ቅጠል

ቆቦ ላይ የያዙኝ ከክፍል አስወጥተው ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ። ያስገቡኝ የማሽላ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ፍሬ የለበትም፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም። በዚያ ዓመት እህል የሚሸት ቤት ውስጥ ሰው መዝጋት ምን ዓይነት ግፍ እንደሆነ የራያ ሰው ያውቀዋል።

ጥፋቴ ደብዳቤ ነው። ከዋጃ እስከ ሮቢት መንገድ ዳር የሚረግፈውን ሰው፣ በዓይኔ ያየሁትን ጽፌ፣ አዲስ አበባ ላሉ ጓደኞቼ ላክሁ። የወሰደልኝ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ደብዳቤ መኖሩን ሰምተዋል፤ ተሸካሚውን ግን አላወቁትም። ካወቁት አለቀለት፤ አምስት ልጅ አለው።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቀድመውኝ ነበሩ። ጥግ ይዘው ካርታ ይደረድራሉ።

"ግባ ልጄ፣ ቤቱ ያንተው ነው" አሉኝ።

ተቀምጬ አሰብኩ። ከእኔ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክር፣ እርሳሴን ሳይቀር ወስደዋል። ለእሳቸው ካርታውን ማን ተወላቸው?

"በምን ታሰሩ?" አልኳቸው።

"በጥንቆላ።"

"ታዲያ መጠንቆያዎን ትተውልዎት?"

"ምን ያደርግላቸዋል ብለህ" ብለው ሳቁ። መልሱ አልጣመኝም። ከዚያ ወዲያ ጀርባዬን ለእሳቸው ሰጥቼ አልተኛሁም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሳልጠይቃቸው ካርታ ጣሉልኝ። አንድ ካርታ አወጡ፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ቅጠል የመሰለ ምልክት አለው።

"ይቺ ከባድ ናት። እንዲህ እግሯ ወደ ታች ከቆመች መልእክት ናት፤ መንገድ የወጣ ወረቀት። ከተገለበጠች ግን፣ እያት፣ የጠቆረ ልብ ትሆናለች። ሞት ናት።" አዞሯት። እውነትም ልብ መሰለች። "ላንተ ቆማ ወጥታለች። ግን ትወላውላለች። የወረቀቷ ያዥ መድረሱ የሚታወቀው በስሙ ነው። ስሙንና የእናቱን ስም በለኝ።"

ጠንቋይ ሁሉ የእናት ስም ይጠይቃል፤ ያለሱ ኮከብ አይቆጠርም። ስለዚህ ጥያቄው እንግዳ አልነበረም፤ ክፋቱም እሱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ደሴን አልፎ ይሆን? ተማርኩ ባዩ እኔ፣ ለአንዲት የቆሸሸች ካርታ አፌ ሊከፈት ምንም አልቀረውም።

ስም ሰጠኋቸው፤ የሾፌሩን ግን አይደለም። በቅርቡ ጎብዬ መንገድ ላይ ውሃ ሳጠጣው እጄ ላይ ያለፈ አንድ ገበሬ ነበር። ስሙን ከነአባቱ ነግሮኛል። የእሱን ሰጠሁ። የእናቱን ስም አላውቅም፤ አፌ ላይ የመጣልኝ የራሴ እናት ስም ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ጠርተው አስወጧቸው። እሳቸው ሲመለሱ እኔ ተጠራሁ። መርማሪው መቶ አለቃ ስሙን ከነእናቱ አነበበልኝ። የጠረጠርኩት ልክ ነበር፤ ደስ ግን አላለኝም።

"የት ነው ያለው?"

"ጎብዬ።"

"ጎብዬ የት?"

"ከመንገዱ ወደ ቀኝ፣ ግራሩ ሥር። እኔ ነኝ የቀበርኩት።"

ቀና ብሎ አየኝ። "በምን ሞተ?"

"በረሀብ። ይጻፉት ጌታዬ።"

እስክሪብቶው ቆመ። ያኔ ይህ ቃል በመንግሥት ወረቀት ላይ አይሰፍርም። በጥፊ አጮለኝ። ስሙን ግን ጽፎት ነበር፤ ሲሰርዘው አላየሁም።

ስመለስ ሽማግሌው ካርታቸውን አልዘረጉም። "እንጀራ ይሰጡኛል" አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። አዘንኩላቸው ብል ዋሸሁ። ከቤት የመጣልኝን ቆሎ ግን ለሁለት ከፈልኩት።

ስፈታ ለእናቴ ነገርኳት። ስሟን ሳላስፈቅዳት ለማላውቀው ሙት መስጠቴ ከብዶኝ ነበር። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እማ፣ ሰውየው እኮ ክርስቲያን ነው።"

"ማን ጠየቀህ? በስሜ አስጽፈኸው የለ? ልጄ ነዋ። ሂድ፣ ለጎረቤት ለቅሶ አለ በል።"

ሦስት ቀን ተቀመጠችለት። የሚቀመስ ባይኖርም ጎረቤቱ እየመጣ አብሯት አለቀሰ።

እናቴ ካለፈች ቆየች። ከእኔ ሌላ አልወለደችም። ሰው ለእናትህ ስንት ናችሁ ሲለኝ ግን ሁለት ነበርን፣ ወንድሜ ጎብዬ ነው የተቀበረው እላለሁ።