የሁዳዴ ቅቤ

ትናንት ከሰዓት ከልጄ ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ ሳለ አንዲት ፈረንጅ ገባች። ከሰሜን ተራራ መመለሷ ነው፤ ፀሐይ ለብልቧት ሌላ ሰው መስላለች። ከልጄ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ቆዩና ልጄ ሳቀች።

«እማዬ፣ ጉድ ስሚ! ፀሐይ የሰጣት ቀለም ቶሎ እንዳይለቃት ምን ልቀባ ትላለች። የተፈጥሮ ነገር ይሁን አለች። ቅቤ ልበላት?»

«ቅቤ እንዳትያት!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ...

ለምን እንደጮህኩ ለልጄም ነግሬያት አላውቅም። እንግዲህ እዚሁ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እዚሁ ጎንደር። ታላቅ ወንድሜ አስናቀ ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ አንድ ባንድ ሲለቀሙ እሱን ጓዳ፣ ከጎታው ኋላ ደበቅነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቤታችን የደብሩ ሰው አይጠፋበትም። ልጁ ሲያስለው እንኳ አፉን ትራስ ውስጥ ይቀብር ነበር። ለወራት ፀሐይ የሚባል አላየም።

ሁዳዴ እንደገባ የእናቴ ወንድም አያ ፈንታ ከሚያርሱበት አገር ከትክል ድንጋይ ለገበያ መጡ። «ልጄ ነው ብዬ ከአህዮቼ ጋር ይዤው እወጣለሁ» አሉ። ከጓዳ ሲወጣ ሲያዩት ግን ራሳቸውን ያዙ።

«ምነው እቴ! ይኼን የነጣ ልጅ ማን ገበሬ ይለዋል? መጀመሪያ ፀሐይ ይምታው እንጂ! በሌላ ገበያ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ጓሮ፣ ከጭድ ክምሩ ጀርባ፣ በቀትር ፀሐይ እናሰጣው ጀመር። እኔ ደጅ ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ እጠብቃለሁ። ሸጋ አድርጎ ጠቆረ። በመስታወት እያየ «አሁን እንኳ ሚስት ሳታጩልኝ አትቀሩም» ብሎ አሳቀን። ስንት ጊዜ ሳንስቅ ቆይተን!

ምን ያደርጋል... አሰሳው በረታ፣ መንገድ ተዘጋ፣ አያ ፈንታ ሳይመጡ ቀሩ። ጓሮ መውጣትም ቀረ። ፀሐይ የበላው ቆዳ መላጥ ጀመረ፤ ከሥሩ ያው ንጣቱ ብቅ ይላል። ልጁ ዥንጉርጉር ሆነ። እናቴ የኑግ ዘይት ቀባችው። ቆዳው ጠጥቶት ያድራል፤ ጠዋት ያው መላጥ ነው።

«ቅቤ ቢሆን ይይዘው ነበር» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። በሁዳዴ! በመሪጌታ ቤት! እኛ በጾም ቅቤ ራስ ላይ እንኳ አናደርግም።

«ቀቢው» አሉ አባቴ። «ጾም ለሰው ነው እንጂ ሰው ለጾም አይደለም። ኃጢአቱን ለእኔ ተይው።»

ለፋሲካ ያኖረችውን ለጋ ቅቤ አወጣች። እውነትም ያዘው። መላጡ ቆመ፣ ጥቁረቱ ሳይለቅ ቆየ። እናቴ ፊቱን በቀባችው ቁጥር ታለቅስ ነበር።

መንገዱ ተከፈተና አያ ፈንታ መጡ። አስናቀ አሮጌ ቁምጣና ጋቢ ለበሰ፤ እኔም የሳቸው ልጅ መስዬ ባዶ ጆንያ ተሸክሜ ተከተልኩ። ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ አንድ ወጣት አብዮት ጠባቂ መሣሪያውን እንዳነገተ የወንድሜን ፊት አየ... አየና «እለፉ» አለ።

አለፍን። እግዚአብሔርን ማመስገን ጀምሬ ነበር።

«ቁሙ!»

ቀትር ነው። ፀሐዩ ቅቤውን ከላቡ ጋር አቅልጦታል። ጠባቂው ጠጋ ብሎ አሸተተ። አብዮቱ ሃይማኖቱን አስጥሎታል ይባል ይሆናል፤ አፍንጫው ግን የጾመኛ አፍንጫ ነበር።

«አያ፣ ልጅዎ ምነው ቅቤ ቅቤ ይላል?»

«ራሱን አሞት ነው...» አሉ አያ ፈንታ።

«በሁዳዴ? የየት አገር ገበሬ ነው በሁዳዴ ቅቤ የሚቀባ?» ወደ ወንድሜ ዞረ። «እስቲ እጅህን ዘርጋ።»

ፊቱን እንጂ እጁን ምን ልናደርገው እንችል ነበር? መዳፉ ለስላሳ ነው፤ ከብዕር በቀር የነካው የለም።

«እኔን ውሰዱኝ» አለ አስናቀ። «ሽማግሌው አያውቁኝም፤ ለምኛቸው ነው ልጄ ያሉኝ።» እኔን አንድ ጊዜም ዞሮ አላየኝም። ቢያየኝ እንደማለቅስ ያውቃላ!

እሱን ወሰዱት፤ እኛን ለቀቁን። ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።

እናቴ መሬት ላይ ስትንከባለል አባቴ ቆመው «እኔ ነኝ ያስቀባሁት» አሉ። ፋሲካ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ይገድፋል፤ እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ቅቤ አልቀመሱም።

ይኼ ሁሉ ነው ትናንት ያስጮኸኝ። ልጄ ደንግጣ «ታዲያ ምን ልበላት?» አለችኝ።

«ኑግ ዘይት በያት።»

ፈረንጇ «ዘይቱ ባይዝልኝስ? ቢለቅስ?» ብላ አስጠየቀችኝ።

ታድላ! ቀለሟ ቢለቅ የሚወስዳት የለም።