ፋይሌ ሊዘጋ የነበረበት ዓርብ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። ስልኬ ኢሜይል መግባቱን በነገረኝ ቁጥር ልቤ ድንግጥ የሚለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ተማርኩ። ኮሌጁ ሪቻርድሰን ከተማ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ነበረው፤ የተማርኩት ተቆጥሮልኝ በቀጥታ ሦስተኛ ዓመት እገባለሁ። አርባን ላለፈ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ነገራችን ሳይሳካ ማውራት እንፈራ የለ? የእኔ ደግሞ ይብሳል። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው የማደርሳቸው እትዬ ሰናይት እንኳ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲሉኝ፣ «ያው ሥራ ነው» እላቸው ነበር። እሳቸውም ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ «ቢሮ ነኝ» ከማለት አያልፉም።

ያን ዓርብ በምሳ ሰዓት ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል መጣልኝ። በበጀት ቅነሳ ምክንያት ስምምነቱ ዛሬ ያበቃል፤ መዝገብ ቢሮው እስኪዘጋ ፋይሉ ያልተሟላ ተማሪ ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል ይላል። የእኔ ፋይል እንዳልተሟላም ይገልጻል። ምን እንደጎደለው ግን አይናገርም።

አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። መዝገብ ቢሮው ስደርስ ሰልፉ ረጅም ነው። ከሦስቱ መስኮቶች ሁለቱ ዓይኔ እያየ ተዘጉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር እዚያው ቆሜ ሲያመልጠኝ ታየኝ።

ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ እትዬ ሰናይት ተቀምጠዋል። ሁለታችንም ክው አልን።

«አንተ! እዚህ ትማራለህ?»

«ማለቴ... ልጀምር ነበር።»

ኮምፒውተራቸውን አዩ። «ሶ፣ የላቦራቶሪ ሰርተፊኬትህን አላያያዝክም። ይዘኸዋል?»

«መኪና ውስጥ ነው።»

«ምን ትጠብቃለህ? ሩጥ!»

መኪናዬን ሩቅ ነበር ፓርክ ያደረግኩት። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ጥበቃው በሩን ሊቆልፍ ነው። እትዬ ሰናይት ከውስጥ ብቅ ብለው ለምነው አስገቡኝ። ወረቀቱን ስካን አድርገው ፋይሌን ሲያሟሉ ሰዓቱ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«ይሄ ወሬ እዚህ ከተሰማ ወር አልፎታል» አሉኝ። «ብትነግረኝ ኖሮ እንዲህ ትሰቃያለህ?»

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ነው ጠረጴዛው ሥር ካርቶን ያየሁት። የልጃቸው ፎቶ፣ ሹራባቸውና የሻይ ኩባያቸው ተከቷል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሌይ ኦፍ አድርገውናል። ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው» አሉ። «ለማንም እንዳትናገር። እኔም ሌላ ሥራ እስካገኝ ብዬ ነው የደበቅኩት።»

ካርቶኑን ተሸክሜላቸው ወጣን። እንደ እሑዱ ቤታቸው አደረስኳቸው።

እኔ አሁን እየተማርኩ ነው፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። እትዬ ሰናይት ግን እስካሁን ሥራ አላገኙም። እሑድ እሑድ ሰዎች «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሏቸው «ተመስገን» ሲሉ እሰማለሁ፤ አጠገባቸው ቆሜም ያን ዓርብ የያዘኝ ፍርሃት ይመለስብኛል። ይህን እንድጽፍ ሳምንታት ለምኛቸው ነው የፈቀዱልኝ። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ክፍት የመዝገብ ቢሮ ሥራ ያለበትን የሚያውቅ አንባቢ ካለ ግን ትክክለኛውን ስም እነግረዋለሁ።