አምና የት ነበርሽ?

በገበያ ቀን መካነ ሰላም ላይ፣ ከመስጊዱ አጥር ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ጠበቃ አለች። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። ከደሴ በሚኒባስ ስትመጣ ጥቁር ኮቷ የመንገዱን አቧራ ጠግቦ ይደርሳል። ያላት ወንበር አንድ ነው፤ እሱንም ለባለጉዳይ ትለቅና እሷ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ዋጋዋን ለሚጠይቃት ሁሉ «ዱዓ ያድርጉልኝ» ትላለች።

ባለፈው እማማ ቀመር የሚባሉ ባልቴት ከፊቷ ተቀመጡ። ባላቸው ሲሞቱ የባላቸው ወንድም መሬቱን ይዞባቸው፣ እሳቸውም ክስ መስርተው፣ ፍርድ ቤት ቀርበው መናገር ስላቃታቸው ተረተዋል። ጠበቃዋ የፍርዱን ወረቀት አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«እማማ፣ የይግባኙ ጊዜ አልፏል። አምና ቢሆን ኖሮ...»

«አምና አንቺ የት ነበርሽ፣ ልጄ?» አሉ። የጠየቁት ለወቀሳ አልነበረም።

«ደሴ ነበርኩ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «እናቴም ወግዲ ላይ እንደርስዎ ነው የተፈረደባት። እሷ ላይ ሲፈረድ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ።»

እማማ ቀመር እጇን ያዟት። «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ብለው ወደ ገበያው ገቡ።

ጠበቃዋ ስልኳን አውጥታ ለአንዲት የሙያ ጓደኛዋ ደወለች። «ክፍያ የለውም» ስትል ሰማኋት። «በወር አንድ ቀን ብትመጪ ይበቃል። የይግባኝ ጊዜው ያላለፈበት ሰው ብዙ ነው እኮ።»

ከዚያ ብዙ አዳመጠች።

«እሺ፣ ሲመችሽ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ያይዋት ነበር።