ፎገራን ያስደነገጠው የሸንበቆ ሐዲድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ በተጋባን በዓመቱ፣ ወረታ ሳለን ነው። ዕድሜዬ ገፍቶ የትናንቱን ብረሳም ያችን ቀን ግን አልረሳትም። በአንድ ቀን ባሌ ሊገደልብኝ ደርሶ፣ በዚያው ቀን አገሩ ሁሉ ወዳጃችን ሆኖ አምሽቷልና።

ባሌ ተገኘ የፎገራ ልጅ ነው። በወጣትነቱ አገር ለቆ ድሬዳዋ ወርዶ ባቡር ላይ ተቀጠረ። መጀመሪያ ሐዲድ ሲጠግን፣ ኋላም ፉርጎ ከፉርጎ ሲያያይዝ ዓመታት ቆየ። አባቱ ሲሞቱ ርስቱን የሚይዝ ሌላ ወንድ ልጅ ስላልነበረ ተመልሶ መጣ። እኔን ያገባኝ እንደተመለሰ ነው።

ያን ጊዜ ወረታ ውስጥ ባቡር ሲባል ሰው የሚያውቀው የእህል ወፍጮውን ነበር። አባቴ "ልጁ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር" ብለው ሲነግሩኝ ዱቄት ሲቦንበት የኖረ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ መስሎኝ ነበር። ከተጋባን በኋላ ነው እሳት እየበላ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ቤት የሚያህል ነገር እየጎተተ በብረት ላይ ስለሚሮጠው ባቡር የነገረኝ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን አላመንሁትም።

ተገኘ አርሶ አደር ሆኖ ተመለሰ እንጂ ልቡ አልተመለሰም። ሥራ ሲበዛ ደህና ነው። በጋ ገብቶ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዝም ይላል። "ምን ሆንህ?" ስለው "የለመድሁት ድምፅ ጠፋብኝ" ይለኛል።

በበጋ ከብቶቻችን ሣር ፍለጋ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዱ ስለነበር በረቱ ባዶ ይቀራል። አንድ ቀን ተገኘ በረቱን ጠርጎ ጭቃ ማቡካት ጀመረ። ጎተራ ሊሠራልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን ጭቃውን መሬቱ ላይ እየደለደለ ሜዳ አደረገው። አንዱን ጥግ ከፍ አድርጎ ተራራ አደረገና የጥድ ቅርንጫፍ ሰካበት። "ጣራ ገዳም ነው" አለኝ። ሸንበቆ ሰንጥቆ ሐዲድ አደረገ። ከነጭ ጋዝ ቆርቆሮ ደግሞ ባቡሩን ቆርጦ ቀጥቅጦ ሠራ፤ ጎማው የክር መጠቅለያ እንጨት ነው።

የገረመኝ አሠራሩ ሳይሆን አሳቡ ነው። ዝም ብሎ ከዳር ዳር አልዘረጋውም። "ባቡር ዝም ብሎ አይሄድም፤ የሚጭነው ሊኖረው ይገባል፤ የሚጠብቀውም ሰው ሊኖረው ይገባል" ይለኝ ነበር። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወረታን አቋርጦ ወደ ደብረ ታቦር እንዲወጣ አደረገው። ሲወጣ ሽምብራና ኑግ፣ ቅቤና ከብት ይጭናል፤ ሲመለስ ጨውና አቡጀዲ፣ ነጭ ጋዝም ያመጣል። ዳገቱን ባቡር ቀጥ ብሎ አይወጣውም ብሎ ሐዲዱን ጠመዘዘው። ሞተሩ ውሃ የሚጠጣበትን ቦታ ሳይቀር አሰበለት።

"የማይሄድ ባቡር ይኸ ሁሉ ምን ያደርግለታል?" አልሁት አንድ ቀን።

"እንዳይሄድ የሚያደርገው አንድም ምክንያት እንዳይኖር ነው የምፈልገው" አለኝ።

ጣጣው የመጣው ርብ ወንዝ ላይ ሲደርስ ነው። ርብ ክረምት ክረምት እየሞላ ሜዳውን ሁሉ ያጥለቀልቀዋል። ድልድዩ ዝቅ ካለ ውሃ ይወስደዋል፤ ከፍ ካለ ደግሞ አያምርም። ተገኘ ይህን ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም አለ። ገመድና ችካል ይዞ ሜዳ ለሜዳ ይዞር ጀመር። "አምና ውሃው እስከ የት ደረሰ?" እያለ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። ችካል ይተክላል፤ በገመድ ይለካል፤ ያሰላስላል፤ ይመጣና ጭቃውን ያስተካክላል።

በዚያ ዘመን በእኛ አገር "መሬት ሊለካ ነው" ከሚለው ወሬ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ርስትን የሚለካ ሰው ርስትን ሊወስድ የመጣ ነው። ይህን ተገኘም ያውቃል። ነገር ግን ልቡ ድልድዩ ላይ ስለነበር በሰው ዓይን ምን እንደሚመስል አላሰበውም። እኔም ብሆን አላሰብሁትም።

አንድ ቀን ጠዋት ሽምብራ ሳበጥር ጎረቤታችን አያ ካሴ እያለከለኩ ደረሱ።

"የሺ! ተገኘን ርብ ዳር ይዘውታል!"

"እነማን?"

"የግራዝማች መኩሪያ ሰዎች። መሬታችንን ለካብን ብለው በራሱ ገመድ አስረውታል። ወንዶቹ መሣሪያ ይዘዋል። ኧረ ቶሎ በይ!"

ግራዝማች መኩሪያ በአካባቢው የተከበሩ፣ የተፈሩም ሽማግሌ ናቸው። በርስት የመጣባቸውን እንደማይምሩ ሁሉ ያውቃል። ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም፤ ሮጬ በረት ገባሁና የቆርቆሮውን ባቡር አንሥቼ በነጠላዬ ጠቀለልሁት። ከዚያ ወደ ርብ ሮጥሁ።

ስደርስ ተገኘ ሾላ ሥር እጁ የኋሊት ታስሮ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ዙሪያውን ሰዎች ከበውታል፤ ዱላ የያዘ አለ፣ ጠመንጃ ያነገተም አለ። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው ቆመዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ግራዝማች፣ በእመቤታችን! ባሌ ሰላይ አይደለም፤ የመንግሥት ሰውም አይደለም። የለካው ለዚህ ነው" ብዬ ባቡሩን ከነጠላዬ አውጥቼ ሣሩ ላይ አስቀመጥሁት።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ግራዝማች በዘንጋቸው ጫፍ ባቡሩን ነካ አደረጉት። ጎማው ተሽከረከረ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ባቡር ነው፣ ጌታዬ። እቤት ሐዲድ ሠርቶለታል፣ ድልድይም ሊሠራለት ነው። የውሃውን ልክ የፈለገው ለዚያ ነው።"

"ለልጅ መጫወቻ ገመድ ይጎተታል? አታላይ!" አለ ጠመንጃ የያዘው።

"ልጅ የለንም" አልሁ። ያን ጊዜ ገና አልወለድሁም ነበር።

"ታዲያ ለማን ነው የሠራው?" አሉ ግራዝማች።

ተገኘ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ "ለእኔ ነው፣ ግራዝማች። ናፍቆኝ ነው" አለ።

ግራዝማች "ተነሡ፤ በረቱን እናየዋለን። ውሸት ከሆነ ግን..." አሉና የቀረውን ተውት። የተዉት ቃል ነው እስከ ቤት ድረስ ያንቀጠቀጠኝ።

ተገኘን እንደታሰረ እየነዱ ወደ ቤታችን መጡ። በመንገድ ላይ ያየን ሁሉ ይከተላል። በረቱ ዘንድ ስንደርስ የመንደሩ ግማሽ ኋላችን ነበር። ግራዝማች ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ሰዎቻቸውም ተከተሉ።

እኔ መጫወቻ መሆኑን አይተው ይስቃሉ ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ቆሙና አንድ በአንድ ማወቅ ጀመሩ። "ይህ የእነ እንትና ቤት አይደለም? ይህ ገበያው አይደለም? ይህማ ውሃ መውረጃው ነው!" ተገኘ የሜዳውን እያንዳንዱን ጉብታ፣ እያንዳንዱን ዛፍ በቦታው አስቀምጦት ነበር። አይሮፕላን ላይ ሆነው አገራቸውን የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

ግራዝማች በዘንጋቸው አንድ ቦታ ላይ ጠቆሙ።

"ይህ የእኔ ሾላ ነው።"

"አዎ፣ ግራዝማች" አለ ተገኘ።

"ይህ ደግሞ አባቴ ያወረሱኝ ማሳ ነው። ሐዲዱ በመሀሉ ያልፋል።"

"አዎ።"

"ይኸውላችሁ!" ብለው ጮኹ ወደ ሰዎቹ ዞረው። "መጫወቻ አሉኝ! ተለክቶ አልቋል! ተቆርሶ አልቋል! በአባቴ ማሳ መሀል!"

በረቱ ታመሰ። ጠመንጃ የያዘው ሰው ወደ ተገኘ ተራመደ። አለቀልን አልሁ። የባሌን አስከሬን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ያን ባቡር በሠራበት ቀን ምነው ጣቱን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ።

ተገኘ ግን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ልክ ስለ ጓሮ አጥር እንደሚነጋገር ጎረቤት፣ "ግራዝማች፣ በየት በኩል ቢያልፍ ይሻልዎታል?" አለ።

ግራዝማች ደነገጡ። "በየት በኩል?"

"አዎ። እጄን ይፍቱልኝና አሁኑኑ አነሣዋለሁ።"

"ከርስቴ ውጭ ነዋ!"

"እሺ። ይፍቱኝ።"

ግራዝማች ለሰዎቻቸው ምልክት ሰጡ። ተገኘ እጁ እንደተፈታ ተንበረከከና ሐዲዱን መነቃቀል ጀመረ። ማሳው መሀል ለሐዲዱ የከመረውን ጭቃ በእጁ አፈረሰ፤ ጭቃውን ደለደለ፤ ማሳውን እንደነበረ አደረገው። ከዚያ ሐዲዱን በሾላው ማዶ አሳልፎ ወደ ረባዳው በኩል ሊያጎብጠው ሲል ግራዝማች ሳያስቡት ዘንጋቸውን ዘረጉ።

"ኧረ እዚያ እንዳታደርገው! እዚያማ ረግረግ ነው፤ ይሰምጥብሃል።"

"ታዲያ በየት ላድርገው?"

"ወዲህ፣ ወደ ጉብታው። እዚያ ክረምትም ውሃ አይደርስም። ትንሽ ወዲህ... እንዲያ! አዎ፣ እንዲያ።"

ሰው ሁሉ ግራዝማችን ያያል። እሳቸውም ሰው እንደሚያያቸው ድንገት ገባቸው። ቀና አሉና ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ።

"ልቀቁት!" አሉ። "የመንግሥት ቢሆን እንዲህ አይታዘዝልኝም ነበር!"

በረቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስሁ።

ወዲያው ግን ግራዝማች "በል እስቲ ሲሄድ አሳየን" አሉት። ተገኘ ባቡሩን ሐዲዱ ላይ አስቀመጠ፤ ባቡሩ ላይ ያሰረውን ሲባጎ በእጅ በሚዞር እንጨት ላይ እየጠቀለለ ይጎትተው ጀመር። በአፉም እንደ ባቡር ጮኸ። ያን ጊዜ ያየሁትን አልረሳውም፤ እነዚያ ጠመንጃ ያነገቱ ወንዶች የቆርቆሮው ባቡር ሲመጣ ከሐዲዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉለት።

ከዚያ ወዲያ በረታችን ሰው አጥቶ አያውቅም። በበዓል ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከገበያም ሲመለሱ ሰዎች ጎራ ይላሉ። መጀመሪያ ለማየት፣ ኋላ ግን ለመከራከር ነው የሚመጡት። አንዱ ከብት ነጋዴ ለከብት የተሠሩት ፉርጎዎች ጠባብ ናቸው፣ የፎገራ በሬ አይገባባቸውም ብሎ አስቀየራቸው። የደብራችን ቄስ ደግሞ "ቅዳሴ ሳይወጣ ባቡር አይጩህብኝ" አሉ። ተገኘም "እሺ አባቴ፣ እሑድ ጠዋት አይነሣም" ብሎ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ።

እትዬ ጥሩነሽ የምትባል እግሯ የታመመ ሴት ነበረች። ወንዛዬ ፍል ውሃ ብትነከር እንደሚሻላት ብታውቅም በቅሎ መቀመጥ አትችልም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀርታ "ተገኘ፣ ወደ ወንዛዬ የሚያደርስ ቢኖርስ?" አለችው። በማግስቱ ወደ ወንዛዬ የሚሄድ ሐዲድ ቀጠለበት። እሷም መጥታ በጣቷ ሐዲዱን እየተከተለች እስከ ፍል ውሃው ሄደች። "ደረስሁ" አለችና ፈገግ አለች። ይህን ያዩ ሰዎች ምን ተሰማቸው መሰላችሁ፤ በሳምንቱ ወንዶቹ ተሰባስበው ቃሬዛ ሠርተው በትከሻቸው ወንዛዬ አደረሷት። ከዚያ በፊት ለምን አላሰብነውም እያሉ ሲገረሙ ሰምቻለሁ።

ግራዝማችም አንድ ቀን ብቻቸውን መጡ። ዙሪያውን ሲያዩ ቆይተው "ለሁሉም ጣቢያ ሠርተህ የእኔን ደጅ ባቡሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይህ ደግ ነው?" አሉ። የተቀየሙ ይመስሉ ነበር። ተገኘም ከሾላው ማዶ ትንሽ ጣቢያ ሠራላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሲመጣባቸው ይዘውት መጥተው ጣቢያቸውን ያሳያሉ።

ክረምት ሲገባ ከብቶቹ ስለሚመለሱ ሁሉንም እናፈርሰዋለን። በጋ ሲመጣ እንደገና ይሠራል፤ ጭቃውን የሚያቦኩት ግን ጎረቤቶቹ ሆኑ። ተገኘ ከእንግዲህ ደጃፉ ላይ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ልጆችም ወለድን። እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙ በጋ አሳለፍን።

አሁን ተገኘ የለም፤ ግራዝማችም የሉም፤ በረቱም በቦታው ሌላ ቤት ተሠርቶበታል። ወረታ አድጋለች፤ መኪናው ሌት ተቀን ያልፋል። ባቡር ግን እስከ ዛሬ አልመጣባትም።

በቅርቡ ትልቁ ልጄ አዲስ አበባ ወስዶ በእውነተኛው ባቡር አሳፈረኝ። ፈጣን ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ወንበሩም ይመቻል። በመስኮት እያየሁ ብዙ ሰፈር አለፍን። የማንን ደጅ እንደምናልፍ የሚናገር አልነበረም፤ "በዚህ በኩል አድርጉልኝ" ብሎ የለመነም የለም።

ስንወርድ ልጄ "እንዴት ነው እማዬ?" አለኝ።

"የአባትህ ይበልጣል" አልሁት።

ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድሁም።