ለስደት የተቋጠረው በሶ

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ መናኸሪያውን ያደነቁራል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን ከሹፌሩ በቀር ነፍስ የለም። ይህችን ውሸት ስንት ጊዜ አምኛት ተሳፍሬያለሁ! ዛሬም ገባሁ። የምሄደው ደብረ ታቦር ነው፤ ጓደኛዬ ሀብታሙ ወጣቶችን ኮምፒውተር የሚያስተምርበትን የማኅበረሰብ መማሪያ ማዕከል እንድጎበኝለት ጋብዞኝ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ወረታ

ሐሙሲት ላይ ገበያተኛው ከነበጉ ከነዶሮው መንገዱን ሞልቶት ዘገየን። ወረታ ስንደርስ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ጭናቸው ላይ ከባድ ስልቻ አለ። አያ ተገኘ ይባላሉ፣ የይፋግ ገበሬ ናቸው።

«ምን ይዘው ነው፣ አያ?»

«በሶ ነው። ለልጄ ስንቅ። ዐረብ አገር ልትሄድብኝ ነው።»

ልጃቸው ዝናሽ ከዚያው ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። እኔ በምሄድበት ማዕከል ስትማር ከርማ ዛሬ የሥራ ፈተና አለባት። ካለፈች ደብረ ታቦር ተቀምጣ ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በኮምፒውተር ትሠራለች፤ ከወደቀች ደላላው ጉዞዋን ጨርሶ ይጠብቃታል።

«ማን ያውቃል፣ ታልፍ ይሆናላ!» አልኳቸው።

«ኮምፒውተር እህል ይሆናል እንዴ ልጄ? የልጅ ልጄ እኔን አባዬ ይለኛል፤ እናቱን ግን በስሟ ነው የሚጠራት። አሁን ደግሞ ከሄደች ስሟንም ይረሳዋል።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

4 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው የጉና ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ሹራብ ሳልይዝ የመጣሁ ጉድ! አያ ተገኘ የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉልኝ።

ማዕከሉ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ረጅም ክፍል ነው። ወጣቶቹ በየኮምፒውተሩ ተደፍተዋል። ጥግ ላይ ያለችው ዝናሽ አባቷን አየች፣ ስልቻውን አየች፣ ዓይኗን ወደ ፈተናው መለሰች። አንዴ ከተጀመረ ማቋረጥ የለም።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

«መጠባበቂያው ባትሪ ሁሉንም ከተሸከመ ብዙ አይቆይም» አለኝ ሀብታሙ በጆሮዬ። «የዝናሽ ፈተና ገና ግማሽ ላይ ነው።»

ለተማሪዎቹ ግን ምንም አላለም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ለምርቃቷ የምታቀርበውን ሥራ እየጨረሰች ነበር፤ ቀና ብላ ዝናሽን አየቻትና ኮምፒውተሯን አጠፋች። ከጎኗ ያለውም አጠፋ። ተራ በተራ ሁሉም ጠቆረና ልጆቹ በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ወደ ደጅ ወጡ።

አያ ተገኘ ክው አሉ። «ወደቀች? ምነው ተበተኑ?»

«አይደለም አያ» አላቸው ሀብታሙ፤ «ባትሪው ለእሷ እንዲበቃ ብለው ነው ያጠፉት። ነገ እሷም ለነሱ ታጠፋለች።»

ሽማግሌው የጠቆሩትን ስክሪኖች አንድ በአንድ አዩ።

«እንደ አጨዳችን ወንፈል ነዋ!» ብለው ጮኹ፤ ሀብታሙ «ሽሽ!» አላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ እኮ እዚህ ሰው ሁሉ ከማሽኑ ጋር ብቻውን የሚቀመጥ መስሎኝ!» አሉ።

ደጅ ወጥተን ጠበቅን። የማላውቃት ልጅ ናት፤ ግን ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም፣ ምን ልዋሽ!

6 ሰዓት

በሩ ተከፈተ። ዝናሽ ልትስቅ ሞክራ አለቀሰች።

«አለፍኩ አባዬ።»

እልልታው ቀለጠ። አያ ተገኘ ግን ተንበርክከው ስልቻውን መፍታት ጀመሩ።

«ውሃ አምጡ!» አሉ። «ወንፈል የገባ ሰው ሳይበላ አይሸኝም!»

በሶውን በሰፊ ሳህን አሹት። ጭብጦ እያደረጉ ኮምፒውተሩን ያጠፋውን ሁሉ በእጃቸው አጎረሱ፤ እኔንም ጭምር፣ ምንም ሳላጠፋ።

10 ሰዓት፣ ወደ ወረታ

ስንመለስ አያ ተገኘ አሁንም ከጎኔ ናቸው። ስልቻው ባዶውን ተጣጥፎ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል።

«ለልጅ ልጅዎ ሳያስቀሩለት?» ብዬ አሾፍኩባቸው።

«ባዶ እጄን አልገባም» አሉኝ። «‹ቅዳሜ እናትህ ትመጣለች› እለዋለሁ።»