ስድስት ሰው የሰበረው እግር

የግራ እግሬን የሰበሩት ስድስት ሰዎች ናቸው። ቡሬ አረቄ ቤት ወሬውን ስጀምር ሦስት ነበሩ፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር እየበዙ ስድስት ደረሱ። በጥምቀት፣ ታቦት አስገብተን ስንመለስ፣ በሽመል ከበው ቅልጥሜን እንደ ሸንኮራ አደቀቁት። እኔም በአንድ እግሬ ቆሜ የሁለቱን ጥርስ አረገፍሁ፤ የአንዱን ጆሮ ነክሼ ተፋሁት። ማንከሴ ትንሽ ነበረች፤ ሰው ሲያየኝ ግን አሳምሬ እጎትታት ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ አስፋልቱ ገና ሳይዘረጋ፣ በርበሬ በጫነ መኪና አናት ላይ ሁኜ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ጉዞ ጀመርሁ። ሾፌሩ ቁልቁለቱን በረረበት። መኪናው ሦስቴ ተገለበጠ፤ እኔ ሠላሳ ነው የቆጠርሁት። ጆንያው ፈነዳ። አጠገቤ የነበረው ሰው ፊቱን ብረት ተልትሎት ደምና በርበሬ ይተፋል። የኔም ያው የግራ ቅልጥሜ ቆዳዬን ቀዶ ወጥቷል። በርበሬው ቁስሉ ውስጥ ሲገባ ጩኸቴ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ተሰምቷል።

ጤና ጣቢያው፣ ባሕር ዳር ሄዶ ካልታከመ ይህ እግር ይቆረጣል አለ። የመኪናው ባለቤት አላሳክምም ስላለ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔን በቃሬዛ አመጡኝ። ሰውየው የአረቄ ጓደኞቼን ምስክር አቆመ። አንድ በአንድ የጥምቀቱን ጠብ ከኔ አሳምረው ተረኩት፤ የመጨረሻውማ ሰዎቹን ስምንት አደረሳቸው።

«ጌቶቼ፣» አለ ባለቤቱ፣ «ስምንት ሰው ያደቀቀውን እግር መኪናዬ ሰበረው ትሉኛላችሁ?»

ሽማግሌዎቹ የቀድሞውን የእግሬን ስብራት ያሰረልኝን ወጌሻ አስጠሩ። ወጌሻው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እውነቱን ከኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ስንት ዘመን ምስጢሬን ጠብቆልኛል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ነበሩና መስቀላቸውን አወጡ።

«በል ልጄ፣ ተሳለምና የነዚያን ሰዎች ነገር ራስህ ንገረን።»

አረቄ ላይ መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ መስቀል ላይ ሌላ ነው። እግሬን አየሁት፤ መሽተት ጀምሯል።

«ከአህያ ነው የወደቅሁ።»

«ከምን?»

«ከአህያ፣ አባ። ያውም ከቆመች አህያ።»

ሳቁ እስኪበርድ ወጌሻው ጠበቀ። ከዚያ ጣቱን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሳረፈ። «የቀድሞው እዚህ ነው፤ ስንጥቅ ነበር፣ ገጥሟል። ይህ ግን አዲስ ነው፤ ከኔ እጅም ያለፈ ነው፤» ብሎ የተሰበረውን ቅልጥም ያዘና ለሁሉም እንዲታይ ወዲህና ወዲያ አንቀሳቀሰው። አጥንቱ ተንቋቋ። ደምና መግል ፈንጥቆ የባለቤቱን ነጭ ጋቢ ነከረው። እኔ የቃሬዛውን እንጨት ነክሼ ጥርሴን እዚያው ተውሁት፤ ይህንንም አልዋሸሁም።

ባለቤቱ ጋቢውን ሳያወልቅ መኪና ፈልጎ ወደ ባሕር ዳር አሳፈረኝ።

እግሬ ተረፈ፤ ውስጡ ብረት ተሸክሟል። አሁን የማነክሰው የምሬን ነው። ቡሬ አረቄ ቤት ስገባ ግን ጓደኞቼ አህያዋ ደህና ናት ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ መኪና ነው የሰበረኝ ብል የሚሰማኝ የለም።