የኦጋዴን ድንበር ምስክሮች

የአገር ድንበር የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ገበሬ ከማሳው ማዶ ያለውን አያውቅም ይባላል። ሐሰት ነው። ቢቸና ሳስተምር ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ስለ ድንበር ከሚኒስትሮቹ የተሻለ ያውቁ ነበር። የጎዳቸውም ይኸው ማወቃቸው ነው።

ሶማሊያ ነጻ ከወጣች ጥቂት ዓመት ሆኗት ነበር። ኦጋዴን የእኔ ነው፣ የሚኖርበት ሕዝብ ዘሬ ነው ትል ጀመር። እኛ አስተማሪዎቹ ዜናውን ከዳይሬክተራችን ሬዲዮ እንሰማና ካርታ ዘርግተን በጣታችን ጦር እናዘምታለን። ማናችንም ከአዲስ አበባ ወዲያ ሄደን አናውቅም። ይህ ስለ በረሃው በልበ ሙሉነት ከመናገር አልከለከለንም።

ሽማግሌው ግን እዚያ በረሃ ውስጥ ልጅ ነበራቸው። አንድ ልጅ፣ ወታደር። ጎረቤቶች «የአባቱን ሙግት ሸሽቶ ነው የተቀጠረው» እያሉ ያሙት ነበር፤ ሳይሆንም አይቀር። አባትየው ዕድሜያቸውን የፈጁት ከአጎታቸው ልጆች ጋር በርስት ሲሟገቱ ነው። በእኛ አገር ርስት የሚገኘው አባት ተቆጥሮ ነው። አያት ቅድመ አያቱን እስከ መጀመሪያው አቅኚ ድረስ ቆጥሮ ያስመሰከረ ሰው ድርሻ አለው። ድንበሩ ካጠራጠረ ደግሞ ቦታውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይጠራሉ፤ ቄስ ይገዝታቸዋል፤ ከዚያ «ከዚህ እስከዚህ» እያሉ በእግራቸው ይዞሩታል። እነሱ የዞሩት ድንበር የጸና ነው።

አንድ እሑድ አከራዬ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆሙ።

«ያ ጎረቤት መንግሥት ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

«ሕዝቡ ዘሬ ነው፤ መሬቱም የዘሬ ነው ይላል» አልኳቸው።

«ታዲያ ይህን የሚል ሰው በጥይት ይመለሳል?» ብለው ሳቁ። «ይህ እኮ የርስት ሙግት ነው! ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው። ሽማግሌ ጠርቶ ማስመስከር ሲቻል ልጅ ማስፈጀት ምን ይባላል? ብዕርህን አምጣ።»

ልጃቸው በአካባቢው ያሉ አዛውንቶችን ፈልጎ ድንበሩን እንዲያስመሰክርና ቃላቸውን ጽፎ እንዲልክ ነው ያዘዙት። እሳቸው ምስክሩን ይዘው ለመንግሥት ያመለክታሉ።

«አባባ፣ እስላሞች ናቸው እኮ። የቄስ ግዝት ምናቸው ነው?»

«በቁርኣናቸው ይማሉ እንጂ! መሐላ የሌለው አገር አለ ወይ? አንተ ልጅ ተማርኩ ትላለህ፣ ይህም አይገባህም።»

ጻፍኩ። አምኜበት አይደለም፤ ለአስተማሪዎቹ የማወራው ጨዋታ አገኘሁ ብዬ ነው። እንዲያውም ቃሉን አሳመርኩት፤ የአባት ትእዛዝ መሆኑን አጠበቅሁት። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሳወራው ዳይሬክተሩ ከሳቁ ብዛት ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ልጁ ያዘዙትን አድርጓል። በሰፈራቸው አጠገብ ካለ የውኃ ጉድጓድ ግመል የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ አነጋግሯል። «አባቶቻቸውን አሥራ አራት ቆጠሩልኝ» ይላል ደብዳቤው፤ «አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፉም። አባቴ፣ ከእኛ ይበልጣሉ።»

ሚስታቸው ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሳቃቸውን ለቀቁት። «እርስዎ ዘጠነኛው ላይ አይደል የሚጠፋብዎት!»

ሽማግሌው አልሳቁም። ደብዳቤውን እንደገና አስነበቡኝ። ያን ቀን ቢቸና ውስጥ ስለ ኦጋዴን በቅንነት ያሰቡ አንድ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

«ለካስ ሙግቱ ከባድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እነዚያም አባት ይቆጥራሉ። እንግዲያውስ በአንድ ምስክር አይፈረድም፤ ሦስት ይሁኑ። ከሰፈሩ ራቅ ያሉ፣ የማንንም ፊት የማያዩ ይፈልግ። ጻፍ።»

በዚያ ሰሞን ተኩስ መከፈቱን በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። ወታደር በተኩስ መካከል ከሰፈሩ ርቆ ሽማግሌ ፍለጋ መሄድ እንደሌለበት ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። «አባባ፣ ይህስ ይቅር፤ ልጅዎ ይሞታል» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልናገር፦ የሦስተኛውን ሽማግሌ ቃል ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

ቀጣዩ ደብዳቤ የልጁ እጅ ጽሑፍ አልነበረም። የሽማግሌው ደብዳቤ የሚመጣው በእኔ በኩል ስለነበር ትምህርት ቤት ውስጥ ከፈትኩት። የጻፈው ባልደረባው ነው። ፊተኛው ገጽ ልጁ ለአገሩ ዳር ድንበር ሲል መውደቁን፣ እነሱም እያለቀሱ መቅበራቸውን ይናገራል። ከጀርባው እንዲህ ይላል፦ «አባቱ ያዘዙትን ሦስተኛ ምስክር ለመጠየቅ ሳያስፈቅድ ወጣ። ሁለቱን አግኝቶ ነበር። አትሂድ ብንለው የአባቴ ቃል ነው አለን። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ወድቆ አገኘነው።»

መርዶው እንደ ደንቡ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ተነገረ። ረፋዱ ላይ ለቅሶው ጋብ ሲል ሽማግሌው አስጠሩኝና «ወረቀቱን አንብብልኝ» አሉ። ፊተኛውን ገጽ አነበብኩ።

«በውጊያ ነው የወደቀው?»

«በውጊያ ነው።»

እናትየው አጠገቤ ተቀምጠው ወረቀቱን ያዩ ነበር። «ከጀርባውም ተጽፎበታል እኮ» አሉኝ።

«ሰላምታ ነው» አልኳቸው። «የጓደኞቹ ሰላምታ።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለአባትየው አዘንኩላቸው ብዬ ራሴን አሞገስኩ። በራሳቸው ትእዛዝ ልጃቸው መሞቱን ለምን ይወቁ? ትእዛዙን ያሳመረው የእኔ እጅ መሆኑን ግን በዚያ የርኅራኄ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም።

በአርባው ተዝካር ካህናቱ ከበሉ በኋላ ሰው ሁሉ ልጁን ማመስገን ጀመረ። ጀግና፣ የአገር ልጅ አሉት። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሦስት ምስክር አቁም ብዬው ነበር» አሉ። «ቢያቆም ኖሮ ነገሩ በሽማግሌ ያልቅ ነበር፤ እሱም አይሞት፣ ሌላውም አይሞት። ሰነፈ። ከልጅነቱም ቃሌን አይሰማም።»

«ይተዉ እንጂ» አሉ ሚስታቸው። «የሞተ ልጅ ይወቀሳል?»

«ልጄ ነው፤ እወቅሰዋለሁ።»

እኔ ከአስተማሪዎቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ሁለት ምስክር ማግኘቱን፣ ሦስተኛውን ሊያገኝ ሲሄድ መውደቁን የሚናገር ወረቀት ደረቴ ላይ አለ። ልጁን ነጻ ለማውጣት አባቱንና ራሴን መክሰስ አለብኝ። ጠላዬን ጠጣሁ።

በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ሞጣ ሄድኩ፤ በበቅሎ ሁለት ቀን ነው፣ እኔ ግን የሸሸሁ ያህል ቸኮልኩ። መንግሥታቱ ተኩስ አቆሙ፤ ኦጋዴንም ካርታው ላይ በነበረበት ቀረ። ቢቸና ላይ ግን የአጎት ልጆች ወራሽ የሌለውን ማሳ ድንበር ገፉ። ሽማግሌው ለመሟገት አልተነሡም አሉኝ። ይህን ስሰማ ነው የተጎዱት ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፈተና ላስፈትን ቢቸና ተልኬ ወደዚያ ቤት ገባሁ። ሽማግሌው ሞተዋል። እናትየው ዓይናቸው ፈዟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ።

«እስኪሞቱ ድረስ ቃሌን አልሰማም እንዳሉ ነው» አሉኝ። «ሲናዘዙ እንኳ ቄሱ ማረው ቢሏቸው ዝም አሉ።»

እስከዚያ ቀን ከኪሴ ያልተለየውን ወረቀት አውጥቼ ጀርባውን አነበብኩላቸው። ቀስ ብዬ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አላለቀሱም፤ አልረገሙኝምም።

«ይህ እኮ የእሳቸው ነበር» አሉ ብቻ።

አንባቢ ሆይ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ ከሰጠህ ሁሉንም አንብብለት።